ትንሿ ባቡር ለምን ትቆማለች?

ወዳጆቼ፣ ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ቡና ቀድታችሁ ተቀመጡ። የቀድሞ ተማሪዎቼ "ቲቸር ዛሬም ክፍል ውስጥ ያለ መሰለው" እንደምትሉ አውቃለሁ። በሉ አይዟችሁ፣ ፈተና የለውም።

የዛሬው ጉዳይ የሞዴል ባቡር ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ትልልቅ ሰዎች፣ ጡረታ የወጡ ሐኪሞችና መሐንዲሶች ሳይቀሩ፣ ቤታቸው ውስጥ ሐዲድ ዘርግተው የጥንቱን የእንፋሎት ባቡር በትንሹ አስመስለው ያስኬዳሉ። እንደ ልጅ መጫወቻ እንዳታዩት፤ ለነሱ ትልቅ ሙያ ነው። ቪዲዮዎቻቸውን ደጋግሞ ያየ ሰው ግን አንድ ነገር ያስተውላል። ከሚያስኬዱበት ጊዜ ይልቅ የሚጠግኑበት የሚበልጥ ይመስላል። ትንሿ ባቡር ትሄድ ትሄድና ቀጥ ትላለች። በጣት ገፋ ሲያደርጓት ትቀጥላለች። የሐዲድ መጋጠሚያ ላይ ስትደርስ ደግሞ ቀጥ!

ትልቁ ባቡር እኮ በመቶ የሚቆጠር ቶን እየጎተተ ዳገት ሲወጣ የኖረ ነው። ታዲያ በመዳፍ የምትያዘው ቅጂው ጠረጴዛ ዞራ መምጣት ለምን ያቅታታል?

ይህ ጥያቄ ቀላል ይመስላል እንጂ ዕድሜው ከ260 ዓመት በላይ ነው። እንዲያውም ዓለምን የቀየረው የእንፋሎት ሞተር የመጣው "ይህ ትንሽ ሞዴል ለምን ይቆማል?" ብሎ ከጠየቀ አንድ ጠጋኝ ነው። ከዚያ ልጀምር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ጄምስ ዋት ሲነሳ አብዛኞቻችን የሰማነው የማንቆርቆሪያውን ወሬ ነው። ሕፃኑ ዋት ምድጃ ዳር ተቀምጦ፣ የማንቆርቆሪያው ክዳን በእንፋሎት ሲንቀጠቀጥ አይቶ፣ "አሃ!" አለና የእንፋሎት ሞተር ፈለሰፈ። ወሬው ይጥማል፣ ለልጅም ይመቻል። ችግሩ የእንፋሎት ሞተር ዋት ከመወለዱ በፊትም ነበር። ቶማስ ኒውኮመን የሚባል እንግሊዛዊ የብረታ ብረት ነጋዴ በ1712 ደድሊ በምትባል ከተማ አካባቢ ከማዕድን ጉድጓድ ውሃ የሚያወጣ የእንፋሎት ሞተር ተክሏል። ዋት የተወለደው በ1736 ነው። ስለዚህ ማንቆርቆሪያዋን እዚሁ እናስቀምጣትና ወደ እውነተኛው ታሪክ እንሂድ። እውነተኛው ይበልጣል።

ዋት በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሱቅ የነበረው የመሣሪያ ሠሪና ጠጋኝ ነበር። ሚዛን፣ ኮምፓስ፣ የመለኪያ መሣሪያ ይሠራል፣ ይጠግናል። ዲግሪ አልነበረውም (ይህቺን ልብ በሉልኝ)። በ1763 ክረምት ጆን አንደርሰን የሚባሉ የተፈጥሮ ፍልስፍና ፕሮፌሰር ለማስተማሪያ የሚጠቀሙበትን የኒውኮመን ሞተር ሞዴል እንዲጠግንላቸው ሰጡት። ሞዴሉ ከዚያ በፊት ሲሰን የሚባል የለንደን መሣሪያ ሠሪ ዘንድ ደርሶ የመጣ ነው። ያም ሆኖ ዋት እጅ ሲገባ እንደሚገባው አይሠራም ነበር።

የኒውኮመን ሞተር አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ሲሊንደር አለ፣ ውስጡ ፒስተን አለ። ሲሊንደሩ በእንፋሎት ይሞላል። ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጡ ይረጫል። እንፋሎቱ ወዲያው ወደ ጠብታ ውሃ ይለወጥና ውስጡ ባዶ ይሆናል። ያኔ የውጪው አየር ፒስተኑን ወደ ታች ይደፍቀዋል። የሚሠራው እንፋሎቱ ሳይሆን አየሩ ነው ማለት ይቻላል፤ የእንፋሎቱ ድርሻ ቦታ ይዞ ቆይቶ መጥፋት ነው።

ሞዴሉ ትንሽ ናት። የሲሊንደሩ ስፋት 2 ኢንች (5 ሳንቲሜትር ገደማ)፣ የፒስተኑ ጉዞ 6 ኢንች። ዋት ጠገነ፣ እሳት አነደደ፣ ተንቀሳቀሰች። ጥቂት ጊዜ ከፍ ዝቅ አለችና ቆመች። ቦይለሩ ውስጥ ውሃ አለ፣ እሳቱም ይነዳል፤ እንፋሎቱ ግን አልቋል። የሚገርመው ደግሞ ቦይለሩ ለዚያች ትንሽ ሲሊንደር ሲታይ ከበቂ በላይ ነበር።

ዋት ፈጣኑን መፍትሔ አላጣውም። የሚረጨውን ቀዝቃዛ ውሃ ቀነሰ፣ ሞዴሏ የምትጎትተውንም ሸክም ቀነሰ፣ ሠራች። ለፕሮፌሰሩ ክፍል ይህ ይበቃ ነበር። ሒሳቡን ተቀብሎ ወደ ሌላ ሥራ ቢዞር ማንም አይወቅሰውም። እሱ ግን "ትልቁ ሞተር ማዕድን ማውጫ ላይ ቀን ከሌት ሲሠራ ይህቺ ትንሿ ለምን እንፋሎት ያልቅባታል?" ብሎ ያዘ።

መልሱን እኛ ቤት በየቀኑ እናየዋለን። ቡና ሲቀዳ ሲኒው ውስጥ ያለው ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ጀበናው ውስጥ የቀረው ግን እስከ ሁለተኛው ትኩስ ሆኖ ይቆያል። አንድን ዕቃ በሁሉም አቅጣጫ በግማሽ ብታሳንሱት፣ ሙቀት የሚያፈስበት ቆዳው ሩብ ይሆናል፤ ሙቀት የሚይዝበት ሆዱ ግን አንድ ስምንተኛ ይሆናል። ስለዚህ ትንሽ ዕቃ ከሆዱ ጋር ሲነጻጸር ቆዳው ይበዛል። የፊዚክስ መምህራን በአማርኛዬ ይቅር በሉኝ እንጂ ነገሩ ይኸው ነው። በሞዴሏ ላይ ሌላም ተጨመረ፤ ሲሊንደሯ የናስ ስለሆነች ከትልቁ ሞተር ብረት ይልቅ ሙቀት ቶሎ ታሳልፋለች። ስለዚህ የሚገባው እንፋሎት መጀመሪያ የቀዘቀዘውን ግድግዳ ለማሞቅ ይባክናል፣ ከዚያ ነው የተረፈው ሲሊንደሩን የሚሞላው። በእያንዳንዱ ምት ግድግዳው ይሞቃል፣ ውሃ ይረጭበትና ይቀዘቅዛል፣ እንደገና ይሞቃል።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። ዋት ብክነቱ ትልቁም ሞተር ላይ እንዳለ ገባው። ልዩነቱ ትልቁ ላይ ብክነቱ ሥራውን አያስቆመውም። የድንጋይ ከሰል ማውጫ አፍ ላይ የተተከለ ሞተር ከሰል ቢያባክን ማን ይቆጥራል? በሽታው ሁለቱም ላይ አለ፤ ትንሿ ግን መደበቅ አልቻለችም። ትንሽ ሞዴል ጥቅሙ ይህ ነው፣ ትልቁ በጉልበቱ የሸፈነውን ታጋልጣለች።

ከዚያ በኋላ ያደረገውን ስታዩ ጥገናው ወደ ምርምር እንደተቀየረ ይገባችኋል። ሙቀት የማያሳልፍ ሲሊንደር ለመሥራት እንጨት በተልባ ዘይት ነክሮ አደረቀና ሞከረ። የፈላ ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ስንት እጥፍ እንደሚሰፋ ለካ፣ ወደ 1,800 እጥፍ አገኘ (ዛሬ ከሚታወቀው ትንሽ ከፍ ያለ ነው፣ በነበረው መሣሪያ ግን ድንቅ ነው)። እንፋሎት የሆነ ጥቂት ውሃ ክብደቱን ስድስት እጥፍ የሚሆን ቀዝቃዛ ውሃ እስከ መፍያው ድረስ እንደሚያሞቅ አየና ግራ ገባው። እዚያው ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረውን ጓደኛውን ጆሴፍ ብላክን ጠየቀ። ብላክ ደግሞ "ድብቅ ሙቀት" የሚባለውን ራሱ ያገኘ ሰው ነበርና አስረዳው። አንድ ጠጋኝና አንድ ፕሮፌሰር አንድ ግቢ ውስጥ ሆነው መነጋገራቸው ምን ያህል ዋጋ እንዳለው እዩ እንግዲህ።

ጥያቄው አሁን ጠበበ። ሲሊንደሩ እንፋሎት እንዳያባክን ሁልጊዜ ትኩስ መሆን አለበት። እንፋሎቱ እንዲጠፋ ደግሞ ቀዝቃዛ መሆን አለበት። አንድ ዕቃ እንዴት ትኩስም ቀዝቃዛም ይሆናል? በ1765 ጸደይ፣ አንድ እሑድ፣ ዋት ግላስጎው ግሪን በሚባለው ሜዳ ላይ ሲንሸራሸር መልሱ መጣለት። አንድ ዕቃ መሆኑ ቀርቶ ሁለት ይሁን! ሲሊንደሩ ትኩስ ሆኖ ይቆይ፤ እንፋሎቱ በቱቦ ወደ ሌላ ቀዝቃዛ ዕቃ ሄዶ እዚያ ይጥፋ። ይህ ነው "ኮንደንሰር" የምንለው። የመጀመሪያ ሙከራውን የሠራው ሐኪሞች በሚጠቀሙበት ትልቅ የናስ ስሪንጅ ነው፤ እሱን ሲሊንደር አደረገው።

ሠራ። ግን ይህን ወደ ትልቅ ማሳደግ ከአሥር ዓመት በላይ ፈጀ። ፓተንቱ የወጣው በ1769፣ ሥራ ላይ የዋሉት የመጀመሪያዎቹ ትልልቅ ሞተሮች በ1776 ነው። ለምን ዘገየ? እዚህ ጋ ነገሩ ይገለበጣል። ስሪንጅ ትንሽ ስለሆነ ውስጡን ክብና ልሙጥ አድርጎ መሥራት ይቻላል። ወርዱ ግማሽ ሜትር የሚያልፍ ሲሊንደር ግን በዚያ ዘመን መሣሪያ ውስጡ ጎባጣ እየሆነ እንፋሎት ያሾልካል። የፈታው ጆን ዊልኪንሰን ነው፣ የመድፍ አፈሙዝ የሚቦረቦርበትን አዲስ ዘዴ ለሲሊንደር አመቻችቶ። ትንሿ የሞተችበትን በሽታ ትልቁ ይችለዋል፤ ትንሿ በቀላሉ የምታልፈው ደግሞ ለትልቁ ፈተና ነው። ሞዴል ሠሪዎች እስከ ዛሬ የሚለፉት ከዚሁ ሐቅ ጋር ነው።

ከዚህ ወዲያ ባቡር ይመጣል፣ እሱም በሞዴል ነው የመጣው። የዋት ድርጅት ሠራተኛ የነበረው ዊልያም መርዶክ በ1784 ኮርንዎል ውስጥ ሬድሩዝ በምትባል ከተማ ሲኖር ባለ ሦስት እግር፣ ቁመቷ ክንድ የማይሞላ፣ በአልኮል ኩራዝ የምትሞቅ የእንፋሎት ጋሪ ሠራ። በራሷ ትሄድ ነበር። ማታ ጨለማ መንገድ ላይ ሲሞክራት አምልጣው የሰፈሩን ቄስ ሰይጣን የመጣ አስመስላ አስደነገጠች ይባላል። ሞዴሏ ዛሬም በርሚንግሃም አለች። ዋት ግን ይህን ሥራ አልወደደለትም። ከፍተኛ ግፊት ያለው እንፋሎት ያፈነዳል ብሎ ይፈራ ነበር፣ መርዶክም ወደ ዋናው ሥራው ተመለሰ። እኔ እዚህ ላይ ዋትን አልፈርድለትም። በአንድ ሞዴል ዕድል የገጠመው ሰው የሌላውን ሞዴል አቀዘቀዘ።

ሪቻርድ ትሬቪቲክ ግን አልፈራም። እሱም መጀመሪያ ትንንሽ ሞዴሎች ሠርቶ ሞከረ። በየካቲት 1804 ዌልስ ውስጥ ፔኒዳረን ከሚባለው የብረት ፋብሪካ ተነስቶ የእሱ ሎኮሞቲቭ 10 ቶን ብረትና 70 ሰው ይዞ 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጓዘ። ሞተሩ ሠራ፤ የተሰበረው ሐዲዱ ነው። ለፈረስ ጋሪ የተሠራ ሐዲድ ክብደቱን አልቻለም። በሞዴሉ ላይ ይህ ችግር ሊታይ አይችልም ነበር፤ ትንሽ ነገር ስታሳድጉት ክብደቱ በስምንት እጥፍ ሲያድግ የሚሸከመው ብረት ጥንካሬ የሚያድገው በአራት እጥፍ ነው። ጋሊልዮ ይህን በ1638 ጽፎታል። በ1829 ደግሞ "ሮኬት" የተባለችው የስቲቨንሰኖች ሎኮሞቲቭ በሬይንሂል ውድድር ያሸነፈችው ከሁሉ ፈጥና ብቻ አይደለም፤ ተፎካካሪዎቿ እየተበላሹ ሲቀሩ እሷ ሳትቆም ጨረሰች። ቦይለሯ ውስጥ እሳቱ የሚያልፍባቸው 25 የመዳብ ቱቦዎች ነበሩ። የዋትን ሞዴል የገደለው "ቆዳ ሲበዛ" እዚህ ላይ ወዳጅ ሆነ፤ ብዙ ቱቦ ማለት ብዙ ገጽ፣ ብዙ ገጽ ማለት ከእሳቱ ወደ ውሃው የሚገባ ብዙ ሙቀት ነው።

ትልቁ ባቡር ተሳካ። ትንሿ ግን ገና ታለቅስ ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ እንግሊዝ ውስጥ ለልጆች የሚሸጡ የናስ የእንፋሎት ባቡሮች ነበሩ። ሐዲድ የላቸውም፣ ወለል ላይ ነው የሚሄዱት። ከሲሊንደራቸው ውሃ እያንጠባጠቡ ስለሚሄዱ ገበያው ያወጣላቸው ቅጽል ስም "አንጠባጣቢ" እንደ ማለት ነው። ኩራዙ ሲገለበጥ ደግሞ ምንጣፉ ይቀጣጠላል። ዛሬ ለልጅ እንዲህ ያለ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ቢኖር ምን እንደሚደርስበት አስቡት።

በ1920ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ በዚህ ጉዳይ እውነተኛ ጠብ ተነሳ፤ "የቦይለሮች ጦርነት" ይሉታል። ባሴት ሎክ የሚባለው የታወቀ የሞዴል አምራች ድርጅት ትንንሾቹን ባቡሮች በአልኮል በሚነድ እሳት ያስኬዳቸው ነበር። በሌላ ወገን ከርሊ ሎውረንስ የሚባል የቀድሞ የባቡር ሠራተኛ ተነሳ። "ሞዴል ኢንጂነር" በሚባለው መጽሔት ላይ የሚጽፈው በቀድሞ የባቡር ድርጅቱ ስም የመጀመሪያ ፊደላት፣ "ኤል ቢ ኤስ ሲ" እያለ ነው። የሐዲዷ ስፋት 63.5 ሚሊሜትር ብቻ የሆነች "አየሻ" የምትባል ባቡር ሠራና እንደ ትልቁ ባቡር እውነተኛ የድንጋይ ከሰል አነደደባት። ከዚያ ትልቅ ሰው ከኋላዋ አስቀምጦ ጎተተች። አስቡት፣ አንድ እጅ በማይሞላ ሐዲድ ላይ የምትሄድ ባቡር ሰው ስትጎትት!

ምስጢሩ ትልቁን ባቡር እንዳለ አለመቅዳቱ ነው። የትልቁን ቦይለር ቱቦዎች በልኩ ብታሳንሷቸው ቀጫጭን ስለሚሆኑ እሳቱ ሳያልፍ ይታፈናል፣ በአመድም ይደፈናሉ። ስለዚህ በትንሿ ላይ ቱቦው ቁጥሩ ይቀንስና ስፋቱ ከልኩ በላይ ይደረጋል። መልኳ የትልቁ ቅጂ ነው፤ ሆዷ ግን ለራሷ መጠን የተሠራ ነው። እኔ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ከዋት ቀጥሎ የምወደው ይህን ሰው ነው። ለአሥርተ ዓመታት ለተራው ሠራተኛ እንዲገባ አድርጎ፣ በጨዋታ ቋንቋ፣ ባቡር እንዴት እንደሚሠራ ጽፏል።

አሁን ወደ ጠረጴዛዋ ባቡር እንምጣ። ከዚያም የበለጠ ሲያንስ፣ የሐዲዱ ስፋት 16.5 ሚሊሜትር ሲሆን፣ እውነተኛ እንፋሎት እንደ ልብ አይታዘዝም። ስለዚህ መልኳ የእንፋሎት፣ ሞተሯ የኤሌክትሪክ ሆነ። የጀርመኑ ማርክሊን በ1935፣ የእንግሊዙ ሆርንቢ በ1938 በዚህ መጠን የኤሌክትሪክ ባቡር ለገበያ አወጡ። የቦይለሩ ችግር ተገላገለ። በምትኩ አዲስ ችግር መጣ፤ ኤሌክትሪኩ የሚመጣው በሐዲዱ ነው፣ ባቡሯ የምትቀበለው በመንኮራኩሯ ነው። ብረት ብረትን የሚነካበት ቦታ ደግሞ የመርፌ ጫፍ ታህል ነጥብ ናት። ትልቁ ባቡር ሐዲዱ ላይ ያለውን አቧራ ጨፍልቆት ያልፋል። ጥቂት መቶ ግራም የምትመዝነዋ ግን አቧራውን ትወጣበታለች። አቧራ፣ ዘይት፣ ከብልጭታው የሚፈጠር ጥቁር ቆሻሻ፣ ሁሉም በነጥቧና በሐዲዱ መሀል ይገባል። ኤሌክትሪክ ይቋረጣል፣ ባቡሯ ቀጥ። በጣት ገፋ ስትደረግ ቆሻሻውን ታልፋለች፣ ትሄዳለች። የመጀመሪያው ጥያቄያችን መልስ እነሆ።

የድሮዎቹ አምራቾች ሦስተኛ ሐዲድ መሀል ላይ ጨመሩ። ኤሌክትሪኩ በመሀሉ ይመጣል፣ በሁለቱም ዳር ሐዲዶች ይመለሳል። አስተማማኝ ነው፤ የግራው መንኮራኩር ቆሻሻ ላይ ቢወጣ የቀኙ ይነካል። መልኩ ግን ያስጠላል፣ ባለ ሦስት ሐዲድ መንገድ የት ታይቶ! ማርክሊን በ1950ዎቹ መሀሉን ሐዲድ በጥቃቅን የብረት ነጥቦች ተክቶ ደበቀው። ሌሎቹ ወደ ሁለት ሐዲድ ሄዱ፤ ያኔ የግራና የቀኝ መንኮራኩሮች ሾርት እንዳያደርጉ በፕላስቲክ መለያየት ግድ ሆነ።

የእንፋሎት ባቡር መልክ ያላት ሞዴል እዚህ ላይ ከናፍጣዋ የበለጠ ትቸገራለች። የናፍጣ ባቡር ሞዴል መንኮራኩሮቿ አብዛኛውን ጊዜ ሁሉም ኤሌክትሪክ ይለቅማሉ፣ ክብደቷም እኩል ይከፋፈልባቸዋል። የእንፋሎቷ ግን ፊት ለፊት ያሉት ትንንሾቹ መንኮራኩሮች ክብደት የላቸውም፣ ለመልክ ናቸው። አንዳንዱ ላይ ደግሞ ሐዲድ እንዳያንሸራትታት ትልልቆቹ ላይ የጎማ ቀለበት ይደረጋል። ጎማ ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ጉልበት ስትጨምሩላት ኤሌክትሪክ ትቀንሱባታላችሁ። ብዙ ዓይነቶች ላይ ሎኮሞቲቯ ከቀኝ ሐዲድ፣ ከሰልና ውሃ የሚጫንበት ከኋላዋ ያለው ጋሪ (ተንደር የሚሉት) ከግራ ሐዲድ ይለቅማሉ፣ ሁለቱን የሚያገናኝ አንዲት የብረት ዘንግ ናት። ያቺ ዘንግ ከዛገች በቃ። ልምድ ያላቸው ሰዎች መጀመሪያ የሚያደርጉት ጥገና ያቺን ዘንግ ትተው በቀጭን ሽቦ ማገናኘት፣ ለተንደሩም የሁለቱንም ሐዲድ መልቀሚያ መጨመር ነው። ሐዲዱን ደግሞ በአልኮል ይጠርጉታል። በብርጭቆ ወረቀት የሚፈትጉት አሉ፤ ያማረ ይመስላል፣ ጭረቱ ግን ቆሻሻ ይይዝና ከበፊቱ የባሰ ይሆናል።

ኤሌክትሪኩ ተስተካክሎም የምታነክስ ባቡር አለች፣ በእያንዳንዱ ዙር አንድ ቦታ ላይ እጥፍ ትላለች። ይህ የእውነተኛውም ባቡር ጉዳይ ነው። በአንድ አክስል ግራና ቀኝ ያሉት መንኮራኩሮች የማያያዣ ዘንጎቻቸው የሚሰኩበት ቦታ በ90 ዲግሪ ይለያያል፤ የግራው ዘንግ ዳር ደርሶ ጉልበት ሲያጣ የቀኙ መሀል ላይ ሆኖ ይገፋል። ሁሉም አክስሎች ላይ ይህ ልዩነት አንድ ዓይነት መሆን አለበት። አንዱ አክስል ላይ መንኮራኩሩ በትንሹ ከዞረ ዘንጎቹ እርስ በርስ ይጎተታሉ። ጥገናው ሞተሩን ነቅሎ ባቡሯን በጣት እየገፉ የቱ ጋ እንደምትይዝ መፈለግ ነው። ሞተሩ ተጠርጥሮ ስንት ጊዜ በከንቱ ተቀይሯል!

በ1990ዎቹ ደግሞ ዲጂታል መጣ። የጀርመኑ ሌንዝ የሠራው ዘዴ አሜሪካ ባለው የሞዴል ባቡር ማኅበር መለኪያ ሆኖ ጸደቀ። እያንዳንዷ ባቡር ሆዷ ውስጥ ትንሽ ኮምፒውተር ይዛ ትዕዛዝ በሐዲዱ ትቀበላለች፣ የእንፋሎቱን ድምፅ ሳይቀር ታሰማለች። ድሮ ቅንጣት አቧራ ስታገኝ መብራቷ ብልጭ ብሎ ታልፍ የነበረችው አሁን ኮምፒውተሯ ይጠፋና እንደ አዲስ ይነሳል። እኛ ሰፈር መብራት ብልጭ ሲል ዴስክቶፕ እንደሚያደርገው ማለት ነው። መፍትሔውም ያው እኛ የምናውቀው ነው፣ መጠባበቂያ። ተንደሩ ውስጥ ካፓሲተር ይደበቃል፣ ኤሌክትሪክ ለአፍታ ሲቋረጥ እሱ ይሰጣል፣ ባቡሯ ቆሻሻውን ታልፋለች። ድሮ ከሰል ይጫንበት የነበረው ቦታ ዛሬም የጉልበት ማከማቻ ሆነ ማለት ነው።

አንድ በሽታ ግን መድኃኒት የለውም። ከ1920ዎቹና ከ1930ዎቹ ብዙ ሞዴሎች አካላቸው የተሠራው በዚንክ ቅይጥ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ቅርጽ በቀላሉ ይይዛል። ቅይጡ ውስጥ ጥቂት እርሳስ ሾልኮ ከገባ ግን ብረቱ ከውስጡ፣ በቅንጣቶቹ መሀል መበስበስ ይጀምራል። እርጥበትና ሙቀት ያፋጥነዋል። መጀመሪያ ቀለሙ ይነሳል፣ ከዚያ አካሉ ያብጣል፣ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፣ በመጨረሻ በእጅ ይፈረፈራል። ይህ ባቡሯ ሮጣም ተቀምጣም የሚመጣ ነው። አሜሪካ ውስጥ በ1929 በጣም በተጣራ ዚንክ የሚሠራ ቅይጥ መጥቶ ለችግሩ መልስ ሰጠ። ከዚያ በኋላም ግን ፋብሪካ ውስጥ ቅይጡ ሲቆሽሽ በሽታው ብቅ እያለ ቀጥሏል። በአንድ ሳጥን ከተገዙ ሁለት ባቡሮች አንዷ ዛሬም ስትሮጥ ሌላዋ ዱቄት ሆና የምትገኝበት ምክንያት ይኸው ነው። ሰብሳቢዎች እንዲህ ያለችውን ከሌሎቹ ለይተው ያስቀምጡና አዲስ አካል አስቀርጸው የድሮውን ሞተርና መንኮራኩር ይገጥሙበታል። ሞተሩ ብዙ ጊዜ ጠብታ ዘይት ብቻ ነው የሚፈልገው።